ማንቸስተር 2000፦ ልጅ ከሞተች በኋላ የተመረመረ ቤት

በ2000 ማርች መጨረሻ፣ በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት ማንቸስተር ከተማ፣ አንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን እያስመለሳትና ትንሽ እያተኮሳት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ተወሰደች። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ወላጆቿ ሱዳናውያን ስደተኞች ናቸው። ግብፅ ቆይተው ማንቸስተር ከገቡ ገና ሳምንታት ነበር ያስቆጠሩት። ጉሮሮዋ ሲመረመር ስትሬፕ የተባለው ባክቴሪያ ተገኘ፤ ደሟም ትንሽ አንሶ ነበር። መድኃኒት ታዘዘላትና ወደ ቤት ተመለሰች።

ትውከቱ ግን አልቆመም፤ እንዲያውም ባሰ። ኤፕሪል አጋማሽ ላይ መልሰው ሆስፒታል አስገቧት። እዚያው እያለች ራሷን ሳተች፤ ትንፋሿም ተቋረጠ። በመተንፈሻ መሣሪያ ደግፈው ጭንቅላቷን በሲቲ ስካን ሲያዩ አንጎሏ አብጧል። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተዛውራ ደሟ ሲመረመር በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ 390 ማይክሮግራም ገደማ እርሳስ (በእንግሊዝኛ ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ተገኘ። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ለሕፃናት አሳሳቢ የሚለው መጠን 10 ነበር። 45 ላይ ሲደርስ ሐኪሞች እርሳሱን እየያዘ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት መስጠት ይጀምራሉ። እሷም ያ መድኃኒት ተሰጥቷታል። አንጎሏ ግን ከተጎዳ በኋላ ነበርና አልተረፈችም፤ በቀናት ውስጥ አረፈች።

ሲዲሲ በጁን 2001 ባወጣው የምርመራ ዘገባ እንደገለጸው፣ ከ1990 ወዲህ በአሜሪካ በእርሳስ መመረዝ መሞቱ የተመዘገበ የመጀመሪያው ሕፃን እሷ ናት። ከጦርነት ሸሽቶ፣ በሌላ አገር በስደት ኖሮ፣ ስንት ቃለ መጠይቅና የጤና ምርመራ አልፎ አሜሪካ የደረሰ ቤተሰብ ልጁን ያጣው በተከራየው አፓርትመንት ቀለም ነው።

ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ በዝርዝር መጻፍ ያስፈለገኝ፣ እዚህ አገር ስንመጣ የምንገባበት የመጀመሪያ ቤት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው፤ አሮጌ፣ ኪራዩ ቀለል ያለ፣ ክሬዲት ሂስትሪ የማይጠይቅ፣ ዘመድ ወይም የስደተኞች ድርጅት ቶሎ ያገኘልን። እንዲህ ያለ ቤት ስንገባ ማሞቂያው መሥራቱን፣ በሩ መቆለፉን፣ አውቶቡስ መቅረቡን እናያለን። ቀለሙን አይቶ ውሉን የሚመልስ ሰው አላጋጠመኝም።

ቤቱና ከተማው

ማንቸስተር በሜሪማክ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች የፋብሪካ ከተማ ናት። አሞስኬግ የተባለው የጥጥ ፋብሪካ በጊዜው በዓለም ከታላላቆቹ አንዱ ነበር፤ በ1930ዎቹ አጋማሽ ተዘጋ። ለሠራተኞቹ የተሠሩት ተደራራቢ የእንጨት ቤቶች ግን ዛሬም ቆመዋል። ፊትና ኋላቸው በረንዳ ነው። እነዚያ ቤቶች በተሠሩበት ዘመን ጥሩ የሚባለው የዘይት ቀለም በውስጡ ነጭ እርሳስ ያለበት ነበር። ቀለሙ አጥብቆ ይይዛል፣ ዝናብ ይችላል፣ ቶሎ አይደበዝዝም። ስለዚህ በብዛት የተቀባው ዝናብና መፋተግ የሚያገኘው ቦታ ላይ ነው፤ መስኮት፣ በር፣ ደረጃ፣ በረንዳ። ልጅ የሚጫወተውም እነዚሁ ቦታዎች ላይ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት እርሳስ ያለበትን ቀለም ለመኖሪያ ቤት የከለከለው በ1978 ነው። ነጭ እርሳስን በቤት ውስጥ ቀለም መጠቀምን የሚገድበው ዓለም አቀፍ ስምምነት ግን በጄኔቭ የጸደቀው በ1921 ነበር። በሁለቱ ዓመታት መካከል ያሉትን 57 ዓመታት አስቧቸው። በእነዚያ ዓመታት የተቀባው ሁሉ በሕግ አልተፋቀም፤ ላዩ ላይ ሌላ ቀለም ተደረበበት እንጂ።

መርማሪዎች ከሕፃኗ ሞት በኋላ አፓርትመንቱን ሲፈትሹ በረንዳው ላይ የሚላላጥ ቀለም አገኙ፤ እርሳስ ነበረበት። የዚህ ቀለም ቅርፊት ለልጅ አፍ ይጣፍጣል ይባላል። ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። አንዳንዱ ልጅ፣ በተለይ አይረን ያነሰው፣ አፈርም ልስንም ይበላል። የትኛዋም እናት ይህን ታውቃለች።

እዚህ ላይ ልጇን ለምን አልጠበቀችም የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን አባባል አልቀበልም። እናትየው ከመጣችበት አገር የግድግዳ ቀለም ልጅ ይገድላል የሚል ነገር ሰምታ የምታውቅበት ምክንያት የለም። ልጇ ቅርፊት አንስታ አፏ ውስጥ ስትከት ብታይ እንኳ እንደ አፈር መብላት ነው የምትቆጥረው፤ "ተይ!" ትላታለች፣ አፏን ትጠርግላታለች፣ አለቀ። አደጋውን የሚያውቁት ሌሎች ነበሩ፤ በሕግም የመናገር ግዴታ ነበረባቸው።

ወረቀቱ

ኮንግረስ በ1992 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ ከ1996 ጀምሮ ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት የሚያከራይ ሁሉ ውል ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ማድረግ አለበት። ስለ ቤቱ የእርሳስ ቀለም የሚያውቀውን መናገርና ያለውን የምርመራ ወረቀት መስጠት፣ መንግሥት ያዘጋጀውን የማስጠንቀቂያ ቡክሌት ለተከራዩ ማስረከብ፣ ተከራዩም መቀበሉን የሚፈርምበትን ቅጽ ከውሉ ጋር ማያያዝ። ቅጹ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይቀመጣል።

በማንቸስተሩ ጉዳይ ይህ አልተደረገም። የሕንፃው አስተዳዳሪ ለተከራዮቹ ማስጠንቀቂያውን አልሰጠም ነበር። ሕፃኗ ከሞተች በኋላ የፌደራል መርማሪዎች ሰነድ ሲጠይቁት፣ ማስጠንቀቂያው በጊዜው የተሰጠ የሚያስመስል ሐሰተኛ ወረቀት አዘጋጅቶ አቀረበ። በኋላ ጥፋቱን አምኖ 15 ወር እስራት ተፈረደበት። አንድ የቤት አስተዳዳሪ በእርሳስ ማስጠንቀቂያ ጉዳይ ወኅኒ መውረዱ በዚያን ዘመን ብርቅ ነበር፤ ተገቢም ነበር።

ነገር ግን ጉዳዩን ሳጠና እጅግ ያሳሰበኝ የወረቀቱ መጭበርበር አይደለም። አስተዳዳሪው ሕጉን ቃል በቃል ቢያከብር ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ብዬ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ነው። ቅጹ ላይ ሁለት ምርጫ አለ፤ "እርሳስ መኖሩን አውቃለሁ" ወይም "የማውቀው ነገር የለም"። አስመርምሮ የማያውቅ አከራይ ሁለተኛው ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ይህም ሕጋዊ ነው። የፌደራሉ ሕግ የሚያውቁትን እንዲናገሩ እንጂ እንዲያውቁ አያስገድድም። ያስመረመረ ባለቤት የሚናገረው ይኖረዋል፤ ካላስተካከለም ይጠየቃል። ዓይኑን የጨፈነ ግን የሚናገረው ስለሌለው የሚጠየቅበትም የለም። ቤተሰቡ ያን ቀን ቢሮ ውስጥ ገና ባልለመዱት ቋንቋ የተጻፈ ቡክሌትና "የማውቀው የለም" የሚል ቅጽ ተቀብለው፣ ፈርመው፣ ቁልፍ ይዘው ወደዚያው በረንዳ በሄዱ ነበር።

ስለዚህ የጎደለው የቤቱ ምርመራ ነው።

ምርመራው ቢደረግ ምን ይታይ ነበር?

ፈቃድ ያለው የእርሳስ መርማሪ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይሠራል። አንደኛው በቤቱ ውስጥ የእርሳስ ቀለም የት የት እንዳለ መለየት ነው። ሁለተኛው ደግሞ አደጋው አሁን የት እንዳለ መገመት ነው፤ ምክንያቱም ያልተነካና ያልተላላጠ የእርሳስ ቀለም ግድግዳ ላይ ተጣብቆ እስካለ ድረስ ልጅ ውስጥ አይገባም። አደጋው ሲላላጥ፣ ሲፋተግ፣ ሲፋቅ ነው። አከራይ "ተመርምሯል" ሲል የትኛው ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

መርማሪው ኤክስ-አር-ኤፍ የሚባል በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ይዞ ይመጣል። መሣሪያው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ጨረር ይልካል፤ ከእርሳሱ የሚመለሰውን ጨረር አንብቦ በሰከንዶች ውስጥ ቁጥር ይሰጣል። ቀለም ሳይፋቅ፣ ከስድስትና ሰባት ድርብርብ ሥር ያለውን ሳይቀር ያያል። አንድ ሚሊግራም በስኩዌር ሴንቲሜትር ወይም ከዚያ በላይ ካነበበ በፌደራል መለኪያ ያ ቀለም የእርሳስ ቀለም ነው። ጥሩ መርማሪ እያንዳንዱን ክፍል ግድግዳ በግድግዳ ይዞራል፤ መስኮቱን ከነፍሬሙ፣ በሩን ከነመቃኑ፣ የደረጃ መደገፊያውን፣ የበረንዳውን ወለል፣ ምሰሶና ጣሪያ ለየብቻ ይለካል። አንዱ ክፍል ንጹሕ መሆኑ ስለሌላው ምንም አይናገርም።

ከዚያ ብናኙ ይመጣል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። አብዛኞቹ ልጆች የሚመረዙት ቅርፊት በልተው አይደለም። መስኮት በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ፍሬሙ ይፋተጋል፤ ዓይን የማያየው ዱቄት ደፉ ላይና ወለሉ ላይ ይወርዳል። ልጅ ይድሃል፣ እጁ ይነካዋል፣ ጣቱን ይጠባል። መርማሪው እርጥብ መጥረጊያ ወስዶ የተለካ ስፋት ያለውን ወለልና የመስኮት ደፍ ይጠርግና ለላቦራቶሪ ይልካል። ከ2001 ጀምሮ የፌደራሉ ገደብ ለወለል በስኩዌር ፊት 40 ማይክሮግራም፣ ለመስኮት ደፍ 250 ነበር። በ2019 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ወደ 10 እና 100 አወረደው። በ2024 ደግሞ በላቦራቶሪ ሊነበብ የሚችል ማንኛውም መጠን እንደ አደጋ እንዲቆጠር ተወሰነ።

እነዚህ ቁጥሮች ትንሽ ስለሚመስሉ አንድ ስሌት ልሥራ። መለኪያውን በጭንቅ የሚያልፍ ቀለም በአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር 1 ሚሊግራም፣ ማለትም 1,000 ማይክሮግራም እርሳስ አለው። አንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር የትንሽ ጣት ጥፍር ያህል ነው። ያቺ ቅርፊት ተፈጭታ ወለል ላይ እኩል ብትበተን፣ በ2019ኙ ገደብ 100 ስኩዌር ፊት ወለል፣ የአንዲት ትንሽ መኝታ ቤት ወለል ማለት ነው፣ ገደቡ ላይ ታደርሳለች። በመቶ ዓመት ውስጥ ተደራርቦ የተቀባ የበረንዳ ቀለም ደግሞ ከዚህ መለኪያ ብዙ እጥፍ ሊይዝ ይችላል። ልጅ ከዋጠው እርሳስ ግማሽ ያህሉን ሰውነቱ ይወስዳል፤ ትልቅ ሰው የሚወስደው ከዐሥር አንድ ገደማ ነው። አይረንና ካልሲየም ያነሰው ሆድ ደግሞ የበለጠ ይቀበላል። በስደት ምግብ ያነሰው ልጅ እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ይጎዳል።

ግቢውም ይታያል። ከውጭ ግድግዳ የረገፈ ቀለም ቤቱ ሥር ባለው ሣር አልባ አፈር ላይ ይከማቻል። መርማሪው የቧንቧውን ውኃ፣ አሮጌ የሸክላ ዕቃ፣ ከቁርጥራጭ ብረት የተሠራ ድስት፣ ከውጭ የመጣ ቅመም፣ ኩል ሳይቀር ይጠይቃል። አንዳንዱ ኩል በአብዛኛው እርሳስ ነው፤ ሕፃን የሚኳል ቤተሰብ ይህን ማወቅ አለበት። ሃርድዌር ስቶር የሚሸጡት በቀለም ለውጥ የሚያሳዩ መሞከሪያዎች ግን የዚህን ምርመራ ቦታ አይተኩም፤ ከታችኛው ድርብርብ ያለውን ሊስቱት ይችላሉ።

በማንቸስተሩ አፓርትመንት ይህ ሁሉ የመሣሪያ ጋጋታ እንኳ ባላስፈለገ ነበር። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት፣ የሚላላጥ የበረንዳ ቀለም፣ የሁለት ዓመት ልጅ። አንድ የሠለጠነ ሰው በዓይኑ ብቻ ዞር ዞር ብሎ "ይህ ቤተሰብ እስኪስተካከል አይግባ" ሊል ይችል ነበር።

ማስተካከሉ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተከራይ ሊገባ ሲል ባለቤቶች የሚያደርጉት የተለመደ ነገር አለ፤ የተፈረፈረውን በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ አሽቶ ላዩን አዲስ ቀለም መቀባት። ይህ ከነበረው የከፋ ነው፤ ቤቱን በሙሉ በእርሳስ ብናኝ ይሞላል፣ አዲሱም ቀለም ከአሮጌው ጋር አብሮ ይላላጣል። ትክክለኛው መንገድ ቦታውን በፕላስቲክ መሸፈን፣ እያረጠቡ መሥራት፣ የሚፋተጉ መስኮቶችን መቀየር፣ ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ሄፓ የተባለ ማጣሪያ ባለው ቫኩም መጥረግ፣ በመጨረሻም ብናኙን ለክቶ ንጹሕ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ከ2010 ጀምሮ በአሮጌ ቤት ቀለም የሚነካ ተቋራጭ በዚህ የሠለጠነና የተመዘገበ መሆን አለበት። በቀለምና በእድሳት ሥራ የተሰማሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ ሕጉ እነሱንም ይመለከታል። በሥራ ልብሳቸው ላይ ይዘውት የሚገቡት ብናኝ የራሳቸው ልጆች ላይ ነው የሚያርፈው።

"ይዘውት መጥተው ይሆናል"

ስደተኛ ልጅ ደም ውስጥ እርሳስ ሲገኝ መጀመሪያ የሚነሳው ጥርጣሬ ልጁ ከመጣበት አገር ይዞት መጥቷል የሚል ነው። አንዳንዴ እውነት ነው፤ እርሳስ ያለበት ቤንዚን፣ የተጣለ ባትሪ፣ ኩል በብዙ አገር ልጆችን ጎድቷል። የኒው ሃምፕሸር የጤና ባለሙያዎች ግን ይህን በግምት አልተዉትም። ከሕፃኗ ሞት በኋላ ስደተኛ ልጆች እንደገቡ ደማቸው እንዲመረመር፣ ከወራት በኋላም እንዲደገም ተደረገ። በ2003 እና 2004 በግዛቱ ከሰፈሩት ልጆች ሁለቱን ምርመራ ያደረጉት ውጤት ሲታይ፣ ከዐሥሩ አራት ያህሉ በሁለተኛው ምርመራ ከ10 በላይ ተገኘባቸው። ከዐሥሩ ሦስት ያህሉ ደግሞ ሲገቡ ደማቸው ደህና የነበረ፣ ማንቸስተርን በመሳሰለ ከተማ ከኖሩ በኋላ ከፍ ያለባቸው ናቸው። አብዛኞቹ የአፍሪካ ልጆች ነበሩ።

ይህ ውጤት ሊታለፍ አይገባም። እነዚህ ልጆች የተመረዙት አሜሪካ ውስጥ ነው፤ በተከራዩት ቤት። ሲዲሲ ለስደተኛ ልጆች ያወጣው መመሪያ ከዚህ የተወሰደ ነው። ከስድስት ወር እስከ 16 ዓመት ያለ ልጅ እንደመጣ ይመርመር፣ ከስድስት ዓመት በታች ያለው ደግሞ ቋሚ ቤት ከገባ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ውስጥ ይደገም ይላል። ሁለተኛውን ምርመራ ብዙ ወላጆች ይዘሉታል፤ የመጀመሪያው "ደህና ነው" ስላላቸው። የመጀመሪያው ወረቀት የሚናገረው ስለ ኋላው አገር ነው። አሁን ስለሚኖሩበት ቤት የሚናገረው ሁለተኛው ነው።

መመሪያው ጥሩ ነው፤ የእኔ ቅሬታ ግን እዚህ ላይ አይቆምም። በዚህ አሠራር የቤቱ መለኪያ የልጁ ደም ነው። ልጁ ይመረዛል፣ ደሙ ይናገራል፣ ከዚያ መርማሪ ወደ ቤቱ ይላካል። እርሳስ አንጎል ላይ ያደረሰው ጉዳት ደግሞ ደሙ ሲጠራ አብሮ አይመለስም። በዝቅተኛ መጠን እንኳ የመማር ችሎታን ይቀንሳል፣ ትኩረት ያሳጣል። ሲዲሲ ትኩረት የሚያሻውን መጠን በ2012 ወደ 5፣ በ2021 ወደ 3.5 ያወረደው፣ ምንም ጉዳት የለውም የሚባል መጠን ስላልተገኘ ነው።

ቅደም ተከተሉን የገለበጠች ከተማ

ከማንቸስተር ወደ ምዕራብ፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ሮቸስተር አለች። እሷም የአሮጌ እንጨት ቤቶች ከተማ ናት። በ1990ዎቹ መጨረሻ የቁጥር 17 ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ራልፍ ስፔዚዮ፣ ተማሪዎቹ ለምን ይህን ያህል መማር እንደከበዳቸው ሲጠይቅ ከሚገቡት ልጆች 41 በመቶው ቀደም ሲል ከፍ ያለ እርሳስ በደማቸው ተገኝቶባቸው እንደነበር አወቀ። በ2000 ሐኪሞች፣ ወላጆችና የሰፈር ሰዎች አንድ ጥምረት አቋቋሙ። አምስት ዓመት ወስዶባቸዋል። ባለቤቶች ቤት ጥለው ይሄዳሉ፣ ኪራይ ይወደዳል የሚል ብርቱ ክርክር ነበር። በዲሴምበር 2005 የከተማው ምክር ቤት ሕጉን አጸደቀ፤ ከጁላይ 2006 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ።

ሕጉ የኪራይ ቤት ማንም ሳይታመም እንዲመረመር ያዛል። የከተማው ኢንስፔክተር ለኪራይ ፈቃድ ሲመጣ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ቤት ያለበትን ሕንፃ በየሦስት ዓመቱ፣ አንድና ሁለት ቤት ያለበትን በየስድስት ዓመቱ፣ የተላላጠ ቀለም ይፈልጋል። ቤቱ አሮጌ ከሆነ ቀለሙ እርሳስ እንዳለበት ይቆጠራል፤ የለበትም ባይ ባለቤቱ ራሱ ማስረጃ ያምጣ። ከግድግዳው ሦስት ፊት ርቀት ውስጥ ሣር የሌለው አፈር ከታየ ጥፋት ነው። አደጋው በበዛባቸው ሰፈሮች ደግሞ በዓይን ያለፈ ቤት እንኳ ብናኙ ተጠርጎ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ተከራይም በነፃ ምርመራ መጠየቅ ይችላል።

የተፈራው አልደረሰም። ከተጠበቀው በላይ ብዙ ቤቶች በመጀመሪያው ምርመራ አለፉ፤ ባለቤቶቹ ኢንስፔክተሩ እንደሚመጣ ሲያውቁ አስቀድመው አስተካክለው ነበርና። በሮቸስተር ዙሪያ ባለው ሞንሮ ካውንቲ ከፍ ያለ እርሳስ የሚገኝባቸው ልጆች ቁጥር ከግዛቱ አማካይ በሚበልጥ ፍጥነት ቀነሰ። በማንቸስተር ያቺ ሕፃን ከሞተች ከስድስት ዓመት በኋላ ማለት ነው ይህ የተጀመረው። ኒው ሃምፕሸር ራሷ ሁሉም የአንድና የሁለት ዓመት ልጅ ደሙ እንዲመረመር ያስገደደችው በ2018 ነው። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት አዲስ ለኪራይ ሲቀርብ ከእርሳስ አደጋ ነፃ የመሆን ማረጋገጫ እንዲኖረው የሚለው ድንጋጌ ደግሞ በጁላይ 2024 ገባ። "አዲስ ለኪራይ ሲቀርብ" የሚለው ይጤን፤ ቀድሞም ይከራዩ የነበሩትን፣ ማለትም ያቺ ሕፃን የኖረችበትን ዓይነት ቤት፣ አይነካም።

ለእኛ

ብዙ ሐበሻ በሚኖርባቸው በዋሽንግተን ዲሲና በሜሪላንድ ሕጉ ከፌደራሉ ይሻላል፤ ግን ካልተጠየቀ አብዛኛው ወረቀት ላይ ይቀራል። በዲሲ በ2008 በወጣው ሕግ፣ ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ከስድስት ዓመት በታች ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤተሰብ ሲገባ፣ አከራዩ ቤቱ ከእርሳስ አደጋ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ከ12 ወር ያልበለጠ የምርመራ ሪፖርት መስጠት አለበት። በሜሪላንድ ከ1978 በፊት የተሠራ የኪራይ ቤት በግዛቱ የአካባቢ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ መመዝገብ አለበት፤ ተከራይ በተለወጠ ቁጥርም ተመርምሮ የምስክር ወረቀት ማግኘት ይኖርበታል። የዚያን ወረቀት ቅጂ መቀበል የተከራዩ መብት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አሮጌ አፓርትመንት የሚከራይ ሰው "ኢንስፔክሽን ሰርተፊኬቱን ላየው እችላለሁ?" ማለቱ ድፍረት አይደለም። በዲሲ የመንግሥት ቢሮዎች በአማርኛ የማስተናገድ ሕጋዊ ግዴታ ስላለባቸው፣ ቅሬታ ለማቅረብ እንግሊዝኛ አልችልም ብሎ መተው አያስፈልግም፤ አስተርጓሚ ይጠየቅ።

በሌሎች ግዛቶች እንዲህ ያለ ሕግ ባይኖርም ቤቱ የተሠራበትን ዓመት መጠየቅ ይቻላል። ከ1978 በፊት ከሆነ መስኮቱን ከፍታችሁ ደፉንና ፍሬሙን እዩ፤ የበረንዳውን ወለልና መደገፊያ እዩ። የተሰነጣጠቀ ወይም የሚፈረፈር ቀለም ካለ ፎቶ አንሱና ከመፈረማችሁ በፊት ባለቤቱ እንዲያስተካክል በጽሑፍ ጠይቁ። ስታስተካክሉ ግን ራሳችሁ አትፋቁት። ቅጹ ላይ "የማውቀው የለም" የሚለው ላይ ምልክት ካለ፣ ትርጉሙ "የለም" ሳይሆን "አልታየም" መሆኑን አትርሱ። ለከተማው ጤና ቢሮ ደውሎ ምርመራ መጠየቅም ይቻላል፤ ብዙ ቦታ ትንሽ ልጅ ላለው ቤተሰብ በነፃ ነው።

የገባችሁ ከሆነና ልጁ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ቤቱ እስኪስተካከል ድረስ የመስኮት ደፉንና ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ፤ ደረቅ መጥረጊያ ብናኙን ያስነሳዋል። አልጋውን ከመስኮት ሥር አርቁ፣ የሚላላጠው በረንዳ ላይ ልጅ አታስቀምጡ፣ ከመብላቱና ከመተኛቱ በፊት እጁን አስታጥቡ፣ ጫማ በር ላይ ይቅር። ምግቡ አይረንና ካልሲየም ያለበት ይሁን፤ ምስር፣ ጎመን፣ ሥጋ፣ ወተት። ሐኪሙ ዘንድ ስትሄዱ ቤቱ አሮጌ መሆኑን ንገሩትና በአንድና በሁለት ዓመቱ የእርሳስ ምርመራ እንዲያዝ ጠይቁ። ከጣት የተወሰደው ደም ከፍ ካለ ከደም ሥር ተወስዶ ይረጋገጥ። ከተረጋገጠ ደግሞ የውጤቱን ቅጂ ይዛችሁ የከተማው መርማሪ ወደ ቤቱ እንዲመጣ በዚያው ሳምንት ጠይቁ፤ ወንድም ወይም እህት ካለውም አብረው ይመርመሩ።